አንዴ ብቻ ርገጪው

ኤድና በትንሿ የውድድር መኪና በር ላይ ጎንበስ ብላ ቁልፉን ልትነቅል ስትል፣ ወንድሟ ዊልፍ የእጇን አንጓ ጨምድዶ ያዛት።

«ልቀቀኝ ብያለሁ!»

«ቁልፉን ተዪ!»

አልተወችም። በሌላው እጇ የያዘችውን የጎማ መፍቻ ክንዱ ላይ አሳረፈችበት። ዊልፍ እንደ በሬ አጓርቶ ለቀቃትና ወዲያው በጡጫ አፏን አላት። ኤድና ደሟን መሬት ላይ ተፋች።

መሪውን የያዘችው የዊልፍ ልጅ ብራዮኒ ናት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ሄልሜቷን አጥልቃ፣ ሞተር አስነስታ፣ ተራዋ እስኪጠራ ትጠብቃለች።

«አባዬ! አክስቴ! ኧረ ሰው እያየን ነው!»

ሰውማ ያያል። በዚያ እሁድ ጠዋት ለሽቅብ የመኪና ውድድር ወደ ዮርክሺር ኮረብታ የወጣው ሁሉ የሻይ ኩባያውን እንደያዘ ቆሟል። አንድ ሽማግሌ «ተዉ እንጂ» አለ፤ ሻዩን ግን አላስቀመጠም።

ጠቡ የፍሬን ነው። የብራዮኒ መኪና ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራ የሌላት፣ ባለቤቷን በሃያ ዓመት የምትበልጥ ቁራጭ ነገር ናት። ሞተሯን አጠንክረውላታል፤ ፍሬኗ ግን የጥንቱ ነበር። አዲስ ትልቅ ፍሬን ደግሞ የሁለት ወር ደሞዝ ይበላል። ስለዚህ ኪሱ የሳሳ ተወዳዳሪ ሁሉ የሚያደርገውን አደረጉ፤ ከአንድ ከባድ የቤት መኪና ሬሳ ላይ ትልልቁን ዲስክና ዲስኩን የሚነክሰውን መንጋጋ ወስደው ለትንሿ አሰሩላት። ኤድና ሠላሳ ዓመት የተሰባበረ መኪና ስትፈታ የኖረች ሴት ናት። ራሷ መርጣ፣ ራሷ ፈትታ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጋ ሰጠች። ትናንት ያሰረው ግን ዊልፍ ነው። ዛሬ ጠዋት በጎማው ቀዳዳ አጮልቃ ስታይ ክው አለች።

«የግራውን ቀኝ፣ የቀኙን ግራ አስረኸዋል!» አለች ደሟን በእጅጌዋ እየጠረገች። «የአየር ማስወጫዋ ብሎን ሰማይ ማየት ሲገባት መሬት መሬት ታያለች። አየር ወደ ላይ ነው የሚሸሽ። ከታች ስታስተነፍሰው ብትውል አይወጣልህም!»

«ገጥሟል አይደል? ስህተት ቢሆን ይገጥም ነበር?»

«የግራ ጫማም ቀኝ እግር ይገባል፣ አንተ ደንቆሮ!»

«የውድድሩ መርማሪ አይቶ፣ ረግጦ፣ አልፏል ብሎ ወረቀት ለጥፎበታል። አንቺ ስምሽን እንኳ አሟልተሽ የማትጽፊ፣ ከሱ ልትበልጪ ነው?»

መርማሪው በእርግጥ ረግጦታል። ግን በአሮጌ መኪና ያረጀ ሰው ነው፤ እግሩ ልማዱ ሆኖ ሁለቴ ሦስቴ ሳይረግጥ አይፈርድም። ዘይቱ ውስጥ አየር የገባበት ፍሬን ደግሞ ሲደጋግሙት ይጠነክራል። ፊተኛው እርግጫ ባዶ መሆኑን ማንም አልጠየቀም።

«ብራዮኒ፣ ፊተኛው እርግጫ ላይ ፔዳሉ ወለል አይነካም?» አለች ኤድና።

«ትንሽ ይሰምጣል» አለች ልጅቷ። «አባዬ ሁለቴ ርገጪው ብሎኛል።»

«ኩርባው ላይ ሁለቴ የምትረግጪበት ጊዜ ማን ሰጠሽ?»

«ቁጥር አርባ ሰባት! ወደ መነሻው!» አለ ድምፅ ማጉያው። የብራዮኒ ቁጥር ነው።

ኤድና እንደገና ወደ ቁልፉ ተወረወረች። ዊልፍ ከኋላ ፀጉሯን ይዞ ጎተታት። ዞር ብላ በግንባሯ አፍንጫውን ስትገጨው የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ጉልበቱን በብረቱ ደገመችው። ተንበረከከ። ቢሆንም እንደ ተንበረከከ ቀሚሷን ይዞ ጣላትና ተነስቶ በእርግጫ ጎኗን አላት። አንዲት ሴት ጮኸች። አሁን ኩባያ የጣለም አለ።

ኤድና በእጇ ተደግፋ ተነሳች። ከዚያ በኋላ አልተማታችም። ብረቱን ወርውራ፣ ጎኗን ይዛ፣ እያነከሰች ቁልቁለቱን ወረደች። ከታች መኪና ቢስት ብለው የደረደሩት የጭድ እስር አለ። ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች።

«ነይ ብራዮኒ!» አለች። «እኔ ጋ ስትደርሺ አንዴ ብቻ ርገጪው! ከቆመች፣ እስከ መነሻው ራሴ እገፋሻለሁ!»

«አክስቴ፣ ከመንገዱ ውጪ!»

«አልወጣም!»

ዊልፍ ጥርሱ በደም ቀልቶ ሳቀ። «ሂጂ! ቀስ ብለሽ ሂጂና አሳፍሪያት!»

ብራዮኒ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀች። መኪናዋ በእርምጃ ጀመረች፤ ቁልቁለቱ ደግሞ አቻኮላት። ኤድና ጎማውን አላየችም፤ በሄልሜቱ ቀዳዳ የልጅቷን ዓይን ነበር የምታይ። አሥር እርምጃ ሲቀር የልጅቷ ዓይን ጠበብ አለ፤ ረግጣለች ማለት ነው። መኪናዋ ግን ያው መጣች። ዓይኗ ፈጠጠ።

የመኪናዋ የፊት ብረት ኤድናን ከጉልበቷ በታች አገኛት። ጭዱ ሰመጠ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ከገዛ እግሯ ወጣ፤ ኤድና በደረቷ ኮፈኑ ላይ ተደፋች።

ያን ጊዜ፣ በሁለተኛው እርግጫ፣ መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች።

ሞተሩ ጠፋ። ሰዉ መጮህ ጀመረ። ዊልፍ እየተደናቀፈ መጣ፤ «ኤዲ፣ ኤዲ» ይላል፣ በልጅነታቸው ይጠራት በነበረው ስም። አራት ሰዎች መኪናዋን ከኤድና እግር ላይ ሊያስለቅቁ ወደ ኋላ ገፉ። አልነቃነቅ አለች።

«ብራዮኒ፣ ፍሬኑን ልቀቂ!» አለ ዊልፍ። «ልቀቂው እንግፋ!»

ብራዮኒ አልሰማችውም።

ኤድና ጉንጯን ከትኩሱ ኮፈን ላይ አንስታ ቀና አለች። «እግርሽን አንሺ የኔ ልጅ» አለቻት ቀስ ብላ። «አሁን እኮ ያዘ።»

የልጅቷ እግር ግን ፔዳሉን ወደ ታች እንደተጫነ ነው።