እሑድ የሚያርፈው ውሃ

ኢፋ ሞሲሳ የባሕርን መሙላትና መጉደል በደቂቃ ቆጥሮ የሚተነብይ ምሁር ነበር። ጨረቃ የትኛውን ወደብ ስንት ክንድ እንደምታጥለቀልቅ ቢጠይቁት፣ ከእንቅልፉ ሳይነቃ ይመልሳል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባሕር። ስድስት ዓመት በሰው አገር ተምሮ ሲመለስ የተመደበው አምቦ ነው። አምቦ ላይ ደግሞ ከፍ ዝቅ የሚል ውሃ ቢኖር ጠርሙስ ውስጥ ያለው ነው።

የኮሌጁ ዲን፣ ዶክተር ሮዳስ የተባሉት ሴትዮ፣ እንቅጩን ነገሩት።

«ኢፋ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ የሚፈስ ነገር ለክተህ አምጣ። አለዚያ ክፍልህ ይዘጋል፤ አንተም ለጀማሪዎች ሒሳብ ታስተምራለህ።»

ኢፋ ሒሳብ ከማስተማር አዞ ማለብ ይሻለው ነበር። ድንኳኑን ጠቅልሎ ወደ ወንጪ ሐይቅ ወረደ።

ገና በመጀመሪያው ቀን ዳገቱ ላይ ጃንጥላው ጠፋበት። በማግሥቱ ድንኳኑ በር ላይ ተንጠልጥሎ አገኘው። የድንኳኑን ቦታ ያከራዩት አዴ ባየሽ ደጃቸው ላይ ሌሊት ሌሊት በታንኳ ወደ ቂርቆስ ደሴት የሚሻገሩትን መዘምራን ልብስ በከሰል ካውያ እየተኮሱ ነበር።

«አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ አዴ ባየሽ! ጃንጥላዬን ማን አመጣው?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ? እዚህ የሰው ዕቃ ሰው ቤት አያድርም። ይልቅ ዘወር በል፣ ጭሱ ዓይንህን ያጠፋዋል።»

ኢፋ ዘወር አለ። ሥራ ነበረበት።

ዘዴው ቀላል ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ ቀይ ይቀባና እስከ ሲሶው አሸዋ ይጨምርበታል፤ ላዩ ላይ በወፍራም ብዕር «የኢፋ» ብሎ ይጽፋል። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ መካከል ይጥላል፤ በማግሥቱ ውሃው የት እንዳደረሰው ያያል። ስልክ የሚሠራው ሐይቁን የከበበው ገደል አፋፍ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ማታ ማታ ድንኳኑን ከነዕቃው ትቶ እላይ በተከራየው ክፍል ያድራል።

አሥር ጠርሙስ ጣለ። በማግሥቱ አሥሩም ከድንኳኑ ፊት ለፊት፣ ውሃው ዳር ተሰልፈው ጠበቁት። በሰሜን በኩል ጣለ፤ መጡ። በደቡብ ጣለ፤ መጡ። ከቂርቆስ ደሴት ጀርባ ጣለ፤ ዞረው መጡ። ኢፋ ሳይጠጣ ሰከረ። የሳለው የፍሰት ካርታ ቢዘረጋ፣ ጫፉ ከአምቦ አልፎ ባኮ ያለ የበቆሎ ማሳ ላይ ይወድቅ ነበር።

ይባስ ብሎ ውሃው ሰንበት ያውቃል። እሑድ እሑድ አንድ ጠርሙስ አይመጣም፤ ሰኞ ግን እጥፍ ይመጣል። በየሰባት ቀኑ የሚያርፍ ውሃ በየትኛውም ውቅያኖስ ተሰምቶ አያውቅም። ኢፋ ነገሩን ለጨረቃ ሰጥቶ አምስት ገጽ ጻፈበት።

ያላመነ አንድ ሰው ነበር፤ የሚቀዝፍለት ፈዬራ።

«ኦቦ ኢፋ፣ ይህ ሐይቅ እኮ ሳህን ነው። ሳህን ላይ ያለ ወጥ ወዴት ይፈሳል?»

«አንተ ደግሞ ፊዚክስ የት ተማርክ?»

«አልተማርኩም። ለዚህ ነው ሳህን ሳይ ሳህን የምለው።»

አንድ ማክሰኞ ግን ኢፋን ብርድ ብርድ አለው። ከጠርሙሶቹ አንዱ ክዳኑ ጠፍቶ፣ አፉ በእንሰት ቃጫ ግጥም ተደርጎ ተወትፎ መጣ። ውሃ ብዙ ነገር ይችላል፤ ቃጫ መወተፍ ግን አይችልም። የሰው እጅ አለበት። ጀልባ ያለው ማን ነው? ፈዬራ። ሲስቅ የሚውለው ማን ነው? ፈዬራ።

«እየለቀምክ የምታመጣው አንተ ነህ! መሳቂያ ልታደርገኝ!»

ፈዬራ መዳፉን ዘረጋ። ተልጦ ተልጦ የበሬ ቆዳ መስሏል። «ይህ እጅ ለጠርሙስህ ሁለተኛ ዙር የሚቀዝፍ ይመስልሃል? እንኳን ለጠርሙስ፣ አማቴ ብትወድቅም አስብበታለሁ።»

ኢፋ አላመነውም። ሐሙስ ደግሞ ዶክተር ሮዳስ ሊመጡ ነው። የፈዬራ ቀልድ ከሆነ፣ የባሕር ትምህርቱ እዚያው ሐይቅ ውስጥ ይሰጥማል።

ሐሙስ ዕለት ኢፋ በዲኗ ፊት ሠላሳ ጠርሙስ ጣለ። መጨረሻውን ሲወረውር ነፋስ ተነሣና የዶክተር ሮዳስን ነጭ የአንገት ልብስ ገፎ ውሃው ላይ ጣለው። ፈዬራ ጀልባውን ሳያዞር ጨርቁ ከዓይን ተሰወረ።

«እናቴ የሰጡኝ ነበር» አሉ ዲኗ፣ ድምፃቸው ቀዝቀዝ ብሎ። «ይሁን። ነገ ሠላሳው ከመጣ ክፍልህ ይቀጥላል። አንድ ቢጎድል ጠመኔህን አዘጋጅ።»

ኢፋ ጀልባውን በሰንሰለት አሰረ። መቅዘፊያዎቹን በፈረስ ጭኖ አፋፍ ወጣ፤ ፈዬራንም አንድ ክፍል ውስጥ በግድግዳውና በራሱ መካከል አስተኛው። ፈዬራ ሌሊቱን ሙሉ አንኮራፋ፤ የገደሉ ዝንጀሮዎች ቤት ለመቀየር እስኪያስቡ ድረስ። ኢፋ ግን ዓይኑን አልከደነም።

ዓርብ ጠዋት ሦስቱ አብረው ወረዱ።  ዶክተር ሮዳስ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ከድንኳኑ ፊት ውሃውን ዳር ዳር እየተራመዱ ጮክ ብለው ቆጠሩ። አሥር። ሃያ። ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ!

«እንኳን ደስ አለህ!» አሉና እጁን ጨበጡት። «ፍሰቱ እውነት ነው። የሰው እጅ የለበትም።»

ኢፋ ፈዬራን አቀፈው። «ይቅር በለኝ ወንድሜ፤ ጠርጥሬህ ነበር።»

«ሳህኑ ፈሰሰ በለኛ!» አለ ፈዬራ፣ ራሱን እያከከ።

ከሠላሳኛው ጠርሙስ ጎን፣ ንጹሕ ድንጋይ ላይ፣ የዶክተር ሮዳስ የአንገት ልብስ ነበረ፤ ታጥቦ፣ በከሰል ካውያ ተተኩሶ፣ አራት ቦታ ታጥፎ።