አንዲት እምቢታ

አዲሱ ሕግ ደግ ሕግ ተባለ። ከባሕር ማዶ ውርርድ የሚያጫውት ድርጅት እዚህ አገር ፈቃድ የሚያገኘው፣ ከእያንዳንዱ ውርርድ በፊት የተጫዋቹን ድምፅ በማሽን አስመስሎ ወደ ቤቱ ደውሎ ካስፈቀደ ብቻ ነው። ቤተሰብ አንዴ «አይሆንም» ካለ ደንበኝነቱ ይሰረዛል፤ ድምፁም አብሮ ይጠፋል።

ወይዘሮ ትርፌ ልጃቸው ናሁሠናይ በሕይወት ሳለ፣ እንዳይከፋው ብለው አንድም ቀን አልከለከሉትም። ውርርዱ በራሱ እንዲቀጥል አስመዝግቦት ስለነበር፣ ከሞተም በኋላ ስልኩ መደወሉን አልተወም፤ መሞቱን ለድርጅቱ የነገረው የለም።

የአርባው ዕለት፣ ዘመድ ከተሸኘ በኋላ ጎረቤታቸው ብርቄ አጠገባቸው ተቀመጡ።

«ዛሬስ እምቢ በዪው፣ ትርፌ። ይረፍበት።»

«እላለሁ።»

ስልኩ ጠራ።

«እማ፣ ልጫወት?»

ትርፌ ግን «ምሳ በልተሃል?» አሉት።

«አልሰማሁሽም፣ እማ። ልጫወት?»

«እሺ» ወይም «አይሆንም» እስኪባል መስመሩ እንደማይዘጋ ያን ጊዜ ገባቸው። ጥቁር ነጠላቸውን ከነስልኩ ጆሯቸው ላይ ደረቡ።

«እዚያ ይበርዳል እንዴ?»

«አልሰማሁሽም፣ እማ። ልጫወት?»

ብርቄ ቀስ ብለው ተነሥተው ወጡ። በሩን ሲዘጉ የትርፌ ድምፅ ከኋላቸው ተሰማ፤ ሳቅ ሳቅ ይለዋል።

«የብርቄ ልጅ እኮ ታጨች።»

«አልሰማሁሽም፣ እማ።»