አሥራ አንዱ ዝግባ

ዘር ለቃሚዋ ከመንግሥት ደን እንደገባች ምራቋን እንትፍ አለች። አምና ቁመናቸውንና የፍሬያቸውን ብዛት አይታ፣ ለዘር መርጣ በቀለም ምልክት ያደረገችባቸው አሥራ አንድ ዝግባዎች ጉቶ ሆነው ጠበቋት። ጎባጣው፣ በሽተኛው፣ ፍሬ አፍርቶ የማያውቀው ሁሉ ግን አንድ ቅርንጫፍ ሳይጎድልበት ቆሟል።

“የማይጠረቁ ጅቦች! መርጠው እኮ ነው የበሉት!” አለች፣ ባዶውን የዘር ጆንያ መሬት ላይ ወርውራ። 

የደኑ ጠባቂ ጋሽ አንለይ ባርኔጣቸውን አውልቀው እየተቻኮሉ መጡ።

“ጋሽ አንለይ፣ ሌባ ይህን ሁሉ ሲጨፈጭፍ የት ነበሩ? ትንሽ አያፍሩም?”

“የምን ሌባ አመጣሽ ልጄ?” ሽማግሌው ደነገጡ። “እኔ እያለሁ? በመንግሥት መጋዝ፣ በደብዳቤ ነው የተቆረጡት። ቀይ የተቀባ ይቆረጣል፣ ደንባችን ነው። አንቺ ከቀባሻቸው ውጪ አንዲት ዛፍ አላስነካሁም።”

በእጇ ያንጠለጠለችውን የቀለም ጣሳ አዩና ፈገግ አሉ።

“ዘንድሮስ የትኞቹን ልትቀቢልን ነው?”