ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት

ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር የመጀመሪያውን ጥፋታቸውን አልካዱም። ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍባቸው "የማላውቀው ነገር ቤቴ ውስጥ ምን ይሠራል?" ብለው ስሙ ያላማራቸውን ፋይል ሁሉ ጠራርገው አጠፉ። በማግስቱ ዊንዶውሱ አልነሳም አለ። ሴት ልጃቸው ከሰፈሩ ጥገና ቤት አንድ ዓይን አፋር ወጣት ጠራች፤ እሱም የጠፋውን ሁሉ ይዞት ከመጣው ፍላሽ መለሰላቸው።

በሁለተኛው ሳምንት ከእነዚያ ፋይሎች አንዱ እንደገና ጠፋ። መምህሩ መንካታቸው ትዝ ባይላቸውም እርጅናቸውን ረግመው "ሁለተኛ ብነካው እጄ ይቆረጥ" ሲሉ ማሉ።

ዛሬ ቅዳሜ፣ ለሦስተኛ ጊዜ፣ ወጣቱ ፍላሹን ሰክቶ ተቀምጧል። ልጃቸው ሻይ አቅርባለት በሩ ሥር ቆማለች።

"ጋሼ፣ ይሄን እንዳይነኩት ብዬዎት ነበር" አለ ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ። "ማሽኑ ሰዓቱን ይመዘግባል። ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው ያጠፉት።"

መምህሩ አሰብ አደረጉ። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እሳቸው ከዕድርተኛው ጋር ቀብር ላይ ነበሩ። ቤት የዋለችው ልጃቸው ብቻ ናት።

ቀና ብለው አዩዋት። ባዶውን ትሪ ደረቷ ላይ ለጥፋ ወለሉን ታያለች።

"ልክ ነህ፣ እኔ ነኝ" አሉ መነጽራቸውን እየወለወሉ። "የሚመጣው ሐሙስም ሳላጠፋው አልቀርም። ቅዳሜ ምሳ ሳትበላ ና።"