አፈር የነካ እጅ

«ማስቲካሽን ትፊው» አላት አይቸው ሬሳዋን።

ሜራቭ ነጠላውን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ ይቅርታ ጠየቀችና ማስቲካዋን ከቃሬዛው ሥር ለጠፈችው። በፊልሙ የአይቸውን እናት ዓለምወርቅን ሆና የምትጫወተው እሷ ናት።

ከማለዳ ጀምሮ ያላስጠላው ነገር የለም። ለቀረጻው የተከራዩት ቅድስቲቱ ከተማ ውስጥ፣ ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ ያለ አሮጌ ግቢ ነው፤ ዳይሬክተሩ ኒር የመንገዱን ስም ስለወደደው ብቻ። የሱዳን በረሃ ነው ተብሎ የተነጠፈው አፈር ከችግኝ ቤት በከረጢት የመጣ ሲሆን የዶሮ ኩስ ይሸታል። ከግንቡ ማዶ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል በተደወለ ቁጥር ደግሞ ሥራው ይቆማል። የእናቱ ቀብር ከነደወሉ፤ ጉድ በል ጎንደር።

ፊልሙ የአይቸው የራሱ ሕይወት ነው። ቃታሞኒም በሚባለው ሰፈር አዳራሽ ውስጥ የወገኑን፣ ከኢትዮጵያ የመጡትን አይሁዶች፣ የመጀመሪያ ቲያትር ያሳየ፣ የመጀመሪያውን ካሴት ያወጣ፣ ከሠርግ ቪዲዮ አንሺ በተዋሰው ካሜራ የመጀመሪያውን ፊልም የሠራ እሱ ነው። ሰው የሚያውቀው ግን በአንድ ዘፈኑ ነው። በሱዳን መንገድ ሞተው የቀሩት በሚታሰቡበት ቀን በየዓመቱ ይዘፈናል፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ይነፋረቃል።

እናቴን በረሃ፣ ሰው በሌለበት፣
በገዛ እጆቼ ነው አፈር ያለበስኳት።

«አባባ፣ ለማኦር አሳየው» አለ ኒር። እዚህ የተወለደ ልጅ ነው፤ አንቱታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ወጣቱን አይቸውን የሚጫወተው ማኦር አፈሩን ሲበትን ለዶሮ ጥሬ የሚሰጥ ይመስል ነበርና ሦስቴ ቀርጸው ሦስቴም አልሆነም።

አይቸው ተንበረከከ። አንድ ጭብጥ አፈር አነሳ። ከራስጌ ነው የሚጀመረው ወይስ ከግርጌ? እጁ አየር ላይ ቀረ።

አያውቅም። እናቱን የቀበራት እሱ አይደለም።

በአገራቸው ሥርዓት ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከሰው ይለያል፤ የነካውን ውሃ ማንም አይጠጣም። እናቱ መንገድ ላይ የሞተች ጊዜ የተጓዡን ውሃ የያዘው አይቸው ነበር። ጀሪካኑን አቅፎ ራቅ ብሎ ቆመ፤ ለሕፃናቱ ብዬ ነው አለ። ጀሪካኑን የሚቀበለው ሰው ግን አልጠፋም ነበር። የእናቱን ፊት ማየት ፈርቶ ነው። የቀበራት ጎረቤታቸው ደመቀ ነው። ደመቀም ሰባት ቀን ሙሉ ከሰዉ ኋላ ብቻውን ተራመደ፤ አይቸው ውሃ በቅል ድንጋይ ላይ እያስቀመጠለት ያልፍ ነበር።

አርባ ዓመት ደመቀ ያንን ዘፈን ከአዳራሹ መጨረሻ ወንበር ላይ ሆኖ ሰምቷል። አንድም ቀን ትንፍሽ አላለም። ዛሬም እዚሁ ነው፤ ኒር ለለቅሶው ሽማግሌዎች ሲሰበስብ እሱንም ይዞት መጥቷል። ግንቡ ሥር ከተቀመጠበት የፕላስቲክ ወንበር ተነሳ።

«ተወው አይቸው» አለ በቀስታ። «አንተ ውሃ ይዘህ ነበር።»

ጫማውን አውልቆ ተንበረከከና ከእግሯ በኩል ጀመረ። አፈሩን አልበተነውም፤ በመዳፉ እያስጠጋ፣ እየደለደለ፣ ልጅ እንደሚያለብስ ሰው ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ። ነጠላው ሥር ሜራቭ መተንፈስ ያቆመች መሰለች። ሲጨርስ ማንንም ሳያይ ተነስቶ ከሁሉም ርቆ የግቢው ጥግ ላይ ብቻውን ቆመ። ከቀረጻው ሠራተኞች አንዷ ልጅ የውሃ ጠርሙስ ይዛ ስትጠጋው እንዳትቀርበው በእጁ ከለከላት። ግራ ገባትና ጠርሙሱን መሬት አስቀምጣ ተመለሰች።

ኒር ደስታውን አልቻለውም። የደመቀን እጆች ቀርጿቸዋል፤ እጅ እጅ ነው፣ በአይቸው ስም ይገባል፣ ማንም አይለየውም አለ።

«የቀበራት እሱ ነው» አለ አይቸው፣ ሁሉም እንዲሰማው በዕብራይስጥ። «እኔ አልነካኋትም።»

ኒር አይቸውን ትከሻውን ይዞ ያባብለው ጀመር። ሰው ዘፈኑን ይወደዋል፤ ስንቱ እናቱን ያለቀሰው በዚህ ዘፈን ነው፤ አሁን ይሄን ማን ይፈልገዋል? ኒር ለአይቸው አዲስ ነገር አልነገረውም። እያንዳንዱን ቃል አርባ ዓመት ለራሱ ሲነግረው የኖረው ነው።

ትከሻውን አስለቀቀ። ወደ ቃሬዛው ሄዶ ሁለት እጁን እስከ አንጓው አፈሩ ውስጥ ከተተ። እርጥብ ነው፣ ይገማል። አወጣቸውና ሳያራግፋቸው ጠርሙሱን ልጅቷ ካስቀመጠችበት አነሳ። ድንጋይ ላይ አላኖረውም። ወደ ጥጉ ሄደና በእጁ ለደመቀ ዘረጋለት።

ደመቀ የቆሸሸውን እጅ አየ። ከዚያ ፊቱን አየው።

«የነካሃት ዛሬ ነው?» አለው።

ደወሉ መደወል ጀመረ፤ ኒርም ቀረጻ አስቆመ። አይቸው እጁን ከነጠርሙሱ እንደዘረጋ ቆሟል፤ የዶሮ ኩሱ ሽታ ክንዱን ይዞ ወደ አፍንጫው ይመጣል።