የአባቷ ሚስማር

ልጄ ካፖርቷን የሰቀለችው በአባቷ ሚስማር ላይ መሆኑን ያስተዋልኩት ራት ከበላን በኋላ ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ ማናችንም ነክተነው አናውቅም።

«ሶልያና፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ለሕዝቡ ያቀረብሽው የማንን ትዝታ ነው?»

«የራሴን። አባዬ ስለ ባቡር ሠራተኞቹ አድማ የነገረኝን። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፣ እማዬ!»

የፈራሁት ደረሰ። ለዩኒቨርሲቲው ጥናት የተሰጠ ትዝታ ከሰጪው አእምሮ ጨርሶ ይጠፋል፤ ሲወጣም በአጠገቡ ያሉትን ሌሎች ትዝታዎች ጎትቶ ነው።

«የኔን ውሰጂ አላልኩሽም?»

«አንቺም ብትረሺው ስለሱ ማን ይነግረኛል ብዬ ነዋ።»

በሩን ልትዘጋ ሄዳ መቀርቀሪያው እምቢ አላት።

«ተበላሽቷል እንዴ?»

የዘመመውን በር በትከሻ ከፍ አድርጎ መቀርቀር ያስተማራት አባቷ ነበር። አጠገቧ ቆሜ እጄን በእጇ ላይ አደረግኩ።

«አባትሽ እንዲህ ነበር የሚያደርገው» አልኳት፤ አብረን ቀረቀርነው።