ዳንቴል የማይለብሰው ላፕቶፕ

«ይጫኑት እንጂ እናቴ፤ አይናከስም» አለ ቴክኒሻኑ፣ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ።

የወርክሾፑ ደንብ ነው። ሰው የለገሳቸውን አሮጌ ላፕቶፖች ጠግነው ኮምፒውተር ለሌለው ሲሰጡ፣ ተቀባዩ በገዛ እጁ ከፍቶ ስሙን ሳይጽፍበት ይዞት አይወጣም፤ ጠጋኙም ጣቱን አያስገባም። ደንቡ የወጣው ስንቱ ላፕቶፕ ቤት ከገባ በኋላ ዳንቴል ለብሶ፣ ሳይነካ ብፌ ላይ እንደ ጌጥ መቀመጡ ከተሰማ ወዲህ ነው።

ሴትየዋ የማብሪያ ቁልፉን አልተጫኑም። የቢሮ ጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኮምፒውተር አጠገብ ውለው ቁልፉን ነክተው አያውቁም። ሰኞ በኢንተርኔት የንብረት አያያዝ ትምህርት ይጀምራሉ፤ ካለፉ ከመጥረጊያው ተላቀው መጋዘን ውስጥ ይመደባሉ። አሁን ግን ከቦርሳቸው ጨርቅ አውጥተው ክዳኑን መወልወል ያዙ።

«ንጹሕ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ። እጄ ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም።»

ቴክኒሻኑ ጨርቁን በስጋት ተመለከተ። ይቺን ማሽን ከሞቱ ላፕቶፖች አካል ለቃቅሞ ነው የሠራት። ዳንቴል ለብሳ ከወዲሁ ታየችው።

በመጨረሻ ሴትየዋ ዓይናቸውን ጨፍነው ተጫኑት። ስክሪኑ ጭልም እንዳለ ቀረ።

«ገደልኩት!» ከወንበሩ ተስፈንጥረው ተነሱ።

ቴክኒሻኑ ክው አለ። ወዲያው ግን ትዝ አለው፦ ጠዋት ራም የሚሏትን ትንሽ ሰሌዳ ለሌላ ማሽን መሞከሪያ አውጥቶ ሲመልሳት ቦታዋ ድረስ አልገፋትም። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «እርስዎ አይደሉም እናቴ፤ እኔ ነኝ ጥፋተኛው» አለና ካቻቢቴውን አንስቶ የማሽኗን ጀርባ ፈታ።

ሴትየዋ አንገታቸውን አሰገጉ። «ውይ! ውስጡ ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው።»

«ይሄን ነው እንዲህ ስፈራው የኖርኩት?» ሳቃቸው መጣ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ማራገቢያዋ ቀሰሩ። «አቧራ አለ እዚህ ጋ። ይሄን ነው ንጹሕ ያልከኝ አንተ ልጅ?»

ብሩሹን ከጠረጴዛው አንስተው ጥግ ጥጉን አጸዱት። ቴክኒሻኑ እጁን እንደገና ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሰሌዳዋን በአውራ ጣታቸው እንዲጫኗት ነገራቸው። ቀጭ ብላ ገባች። ብሎኖቹንም ራሳቸው አሰሩ፤ ማሽኗን ገለበጧት፤ በዚህኛው ዙር ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ ተጫኑ።

ስክሪኑ ቦግ አለ። ቴክኒሻኑ በደስታ ሊያጨበጭብ ምንም አልቀረው፤ ሴትየዋ ግን ዞር ብለው አላዩትም። ወንበራቸውን ሳብ፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው በአንድ ጣት የስማቸውን ፊደላት መልቀም ጀመሩ።

ቦርሳቸው ውስጥ ስልክ ጮኸ። ቦርሳውን በክርናቸው ገፋ አድርገው ሰጡት።

«አንሳልኝ እስቲ፤ ልጄ ትሆናለች።»

«ምን ልበላት?»

ጣታቸው የሚቀጥለውን ፊደል ፍለጋ አየር ላይ እያንዣበበ ነበር።

«ሥራ ላይ ናት በላት።»